አሮጌው ዘርና እህቴ እንጉዳይ

እህቴ እንጉዳይ መሞቷን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቶ ነበር። መልእክቱን ያመጣው የአምበር ሚኒባስ ረዳት ነው። ደብረ ማርቆስ የተከራየንበትን ቤት ስለማያውቅ ከመናኸሪያ ጀምሮ እየጠየቀ ነው የደረሰው።

"የእንጉዳይ ወንድም አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"እናትህ ቶሎ ይምጣ ብለዋል። መኪናው ቆሟል፤ ና።"

እናቴ የታመመች መስሎኝ ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሂሳብ ልከፍል ስል ረዳቱ እጄን መለሰው። "ተወው" አለኝ፤ ፊቴን ግን አላየም። ያን ጊዜ ገባኝ። የሞተው ማን እንደሆነ ግን እስከ አምበር ድረስ አላወቅሁም።

ወንዝ ነው የወሰዳት። ከቁይ ወዲያ ማዶ ወዳለ ቀበሌ ስትሻገር ደራሽ ውሃ መጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሰው ብዙ ያወራል። በዚያ ዝናብ ብቻዋን ምን ልትሠራ ሄደች ይላል። አንዱ ከሥራ ተባርራ አእምሮዋ ተነክቶ ነው ይላል፤ ሌላው ሌላ ይላል። እኔ አብሬያት ነበር የምኖረው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ፤ መጻፍ አልለመድኩም። የማውቀውን ግን እጽፋለሁ።

እንጉዳይ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። የምትሠራው የምርጥ ዘርና የፀረ አረም መድኃኒት ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ነው። ባለቤቱ አቶ አዱኛ ይባላል። ዋናው ሱቅ ደብረ ማርቆስ ነው፤ አምበርና ቁይ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳውና ቤቱን ሁሉ ትፈልጋለች። ስቃ አትጠግብም ነበር። በቁጥር ግን ቀልድ አታውቅም።

አንድ ነገር ስነግራት ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። "አየኸው ወይስ ሰማኸው?" ትለኛለች። ውሃ መጣ ብላት፣ ፈተና ተራዘመ ብላት፣ እሷ ያንኑ ነው የምትጠይቀኝ። ሰማሁ ካልኩ ሂድና እይ ትለኛለች። ሥራ ላይም እንደዚሁ ነች። መጋዘን ገብታ ጆንያውን በእጇ ሳትነካ ወረቀት አትፈርምም። ተሸካሚዎቹ "እንጉዳይ ጆንያውን ስሙን ጠይቃው ነው የምትመዘግበው" እያሉ ይስቁባት ነበር።

ነገሩ የጀመረው አቶ አዱኛ ሲስተም ልግዛ ያለ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት መጣ። ያን ቀን እኔ የቤት ቁልፍ ልቀበላት ሄጄ ነበርና ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ወጣቱ ሁለት ነገር ነበር የሚሸጠው። አንደኛው ትልቁ ሲስተም ነው። ግዥውን፣ መጋዘኑን፣ ሽያጩን፣ የገዢውን ስምና ቀበሌ፣ ሒሳቡን፣ ሁሉን ባንድ ላይ ይይዛል። ሦስቱም ሱቆች በኢንተርኔት ይገናኛሉ። ሁለተኛው የሒሳብ ፕሮግራም ብቻ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሌላ ነገር ግን አያውቅም።

አቶ አዱኛ ትልቁን ወዶታል። "የአዲስ አበባ ነጋዴ እኮ አልጋው ላይ ተጋድሞ መጋዘኑን ያያል" አለ።

"መጋዘንዎን ማየት ከፈለጉ ነገ ጠዋት ቁይ እንሂድ ጋሽ አዱኛ" አለች እንጉዳይ። "ደግሞ ተጋድመው መጋዘን የሚያዩት ለምንድን ነው? ጥሩ ነገር አይዩበትም?"

ሰውየው ሳቀ። እሷ ወደ ወጣቱ ዞረች።

"ኔትወርክ ሲጠፋስ?"

"ይመለሳል" አለ ወጣቱ።

"በስንት ቀን?"

"ቀን? ደቂቃ ነው እንጂ።"

"አንተ እንግዳ ነህ ወንድሜ። እዚህ ኔትወርክ ማለት ከተማ የገባ ዘመድ ማለት ነው። በዓል ሲደርስ ብቅ ይላል፤ ብቅ ካለ ነው ደግሞ።"

ወጣቱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። "አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ" አላት። "የሒሳብ ፕሮግራሙ ስንት ከረጢት እንዳለሽ ያውቃል። ከረጢቱ የመቼ እንደሆነ ግን አያውቅም። ሲስተሙ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ለሽያጭ ሲወጣ አልሸጥም ብሎ ይከለክላል።"

"እሱንማ እኔም እከለክላለሁ" አለች።

ይህን ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። አቶ አዱኛ እሷን ያምናታል። ትንሹን ገዛ።

ደግሞም ልክ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርክ ጠፋ፤ ወራት ሆነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ከእነሱ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ ትልቁን ሲስተም ከሌላ ሰው ገዝቶ ነበርና ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ካርቦንና ደረሰኝ ተመለሰ። የእንጉዳይ ፕሮግራም ግን ይሠራል። ቅርንጫፎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት በሚኒባስ ይልካሉ፤ እሷ ሰኞ ታስገባለች። ቁጥሩ ከቁጥሩ ይገጥማል። ያኔ ትንሽ ኮርታ ነበር። ቤት ስትገባ "የእኔ ነገር ግትር ነው እንጂ ውሸት የለውም" ትለኝ ነበር፤ ስለ ኮምፒውተሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ቁይ መሄድ ተወች። መንገዱ የሚያስኬድ አልነበረም፤ እሱ እውነት ነው። ወረቀቱ ይመጣል፣ ልክ ይሆናል፣ ትፈርማለች። እጇ ያልነካውን ፈረመች። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፤ እኔ አልፈረድኩባትም።

በቁይ መጋዘን ካለፈው ዓመት የተረፈ የበቆሎ ምርጥ ዘር ነበር። ባለፈው የመዝሪያ ወራት መንገድ ተዘግቶ ገበሬው ሳይመጣ ቀርቶ ነው የተረፈው። እንዲህ ያለ ዘር ወደ አምራቹ ተመልሶ ይፈተሻል እንጂ እንዲሁ አይሸጥም። ለመመለስም መንገድ አልተገኘም። ዘንድሮ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ከኋላ ተደርድሮ ነበር። በእንጉዳይ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም አንድ መስመር ናቸው፤ "የበቆሎ ዘር፣ በከረጢት" ይላል።

የቁይ መጋዘን ጠባቂ አያ ታፈረ የሚባሉ ታማኝ ሰው ናቸው። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በጉልምስና ነው። ሥራ ያስተማረቻቸው እንጉዳይ ናት። "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ" ብላ ነበር ያስተማረቻቸው። መድኃኒቱ ቆይቶ እንዳይበላሽ የቆየውን አስቀድመው እንዲሸጡ ነው። አያ ታፈረ የተነገራቸውን አይረሱም። ለመድኃኒቱ ብቻ ነው ያላቸውም የለም።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ሰኞ የቁይ ወረቀት መጣ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። ከሥሩ አያ ታፈረ በትልልቁ እንዲህ ጽፈዋል፦ "እንዳስተማርሽኝ አሮጌውን ዘር ፊት ሸጬ ጨርሻለሁ። ከነገ ጀምሮ አዲሱን እሸጣለሁ።" ምስጋና ጠብቀው ነው የጻፉት።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አነበብኩት፤ ምንም አልገባኝም።

"ታዲያ ምን ሆነ እታለም?"

"አሮጌውን ሸጠዋል።"

"ይበቅል ይሆናላ።"

በማግስቱ እንደምንም ብላ ቁይ ደርሳ መጣች። አሮጌው ዘር ተፈትቶ በችርቻሮ ከተሸጠባቸው ባዶ ከረጢቶች ጥግ የተራገፈ አንድ እፍኝ ዘር በመሐረብ ቋጥራ ነበር። ሃያ ፍሬ ቆጥራ በረጠበ ጨርቅ ላይ አድርጋ በሳህን አልጋዋ ሥር አስቀመጠች። ጠዋትና ማታ ውሃ ትረጫለች። በስድስተኛው ቀን ጨርቁን ገለጥነው። ሦስቱ አቆጥቁጠዋል። አሥራ ሰባቱ አብጠው ለስልሰው ነበር። እየነካች ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

"ስድስቱን ቀን ምን አስጠበቀኝ?" አለች። "ዘሩኮ ያልበቀለው ዛሬ አይደለም።"

እኔ ላጽናናት ብዬ፣ "ትልቁ ሲስተም ቢገዛም ኔትወርክ የለም፤ እሱም አይሠራም ነበር" አልኳት።

"ባይሠራ ጥሩ ነበር" አለችኝ። "እሱ ቢቆም ኖሮ በእግሬም ሄጄ ቁይ ቆጥሬ እመጣ ነበር። ይኼኛው አልቆመም ወንድሜ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። ልክ ሆኖ ነው ያስተኛኝ።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን አያ ታፈረም አቶ አዱኛም ያውቁታል። ወደ አቶ አዱኛ ገብታ ገበሬዎቹን ፈልገን እንንገር አለች። ሰውየው ክፉ አይደለም። ደንግጦ ግን ነበር።

"መጥቶ የጠየቀ ይቀየርለት" አለ። "እኛ ግን አገር ላገር እየዞርን የሸጥነው አይበቅልም አንልም። ሱቄን ልትዘጊው ነው?"

"የማያውቅ ሰው እንዴት መጥቶ ይጠይቃል ጋሽ አዱኛ?"

"ሲያጣው ያውቃል።"

"ሲያጣውማ ሰኔ ያልቃል።"

"ከሄድሽ አትመለሺ።"

የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ማታ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ከዚያ እርሳሷን ስታጣ ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ገዢዎቹን ማግኘት ቀላል አልነበረም። በሒሳቡ ፕሮግራም ላይ "ቁይ፣ የዕለት ሽያጭ" ከማለት በቀር የሰው ስም የለም። ትልቁ ሲስተም ስምና ቀበሌ ይይዝ ነበር። የቀረው የአያ ታፈረ ጭንቅላት ነው። ሰውየው ነገሩ ሲገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አሉ።

"እርስዎ ያስተማርኩዎትን ነው ያደረጉ" አለቻቸው። "ይልቅ ያስታውሱ። ማን ገዛ?"

አያ ታፈረ ስም አያውቁም። ሰው ግን አይረሱም። "አንዱ በቅሎው እግሩን ያነክሳል። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ በዋጋ ሲከራከሩ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ስምንት ሆነው የመጡት የወንዝ ማዶ ሰዎች ናቸው፤ ወንፈልተኞች፣ እየተጋገዙ የሚያርሱ፤ ባንድ ቀን ነው የምንዘራው ብለዋል።" እንጉዳይ ይህን ሁሉ ጻፈች። የጻፈችበት ደብተር አሁንም እኔ ዘንድ አለ። "አንካሳ በቅሎ፣ ሁለት ከረጢት" ይላል።

ከዚያ አብያተ ክርስቲያናቱን ያዘች። በእኛ አገር የጠፋ በሬ የሚጠየቀው፣ የመንገድ ሥራ የሚታዘዘው ቅዳሴ ሲያልቅ ቅጥሩ ውስጥ ነው። እሷም በሰንበትም በታቦት ቀንም ካህናቱን እያስፈቀደች ተናገረች። የመጀመሪያው ቀን አብሬያት ነበርኩ። ጉዳይዋን ስትነግራቸው ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋት ፈገግ አሉ።

"የዘሪውን ምሳሌ ላስተምር ተነሥቼ አንቺ ቀደምሽኝ። እኔ በጭንጫ ላይ ስለወደቀው እናገራለሁ፤ አንቺ ከሱቅ ስለወደቀው ንገሪያቸው።"

ተናገረች። ከረጢቱ ላይ የተሰፋውን ምልክት አሳየች። ስህተቱ የኔ ነው አለች፤ የአያ ታፈረን ስም አላነሣችም። ከመሐል አንድ ጎልማሳ ጮኾ፣ "ነጋዴ ነሽ! አሁን ደግሞ ሌላ ልትሸጪልን ነው!" አላት። ሴቶቹ ሳቁ።

"አልሸጥም አያ። ባያምኑኝ ሃያ ፍሬ በረጠበ ጨርቅ ያድርጉና ይዩት። እኔን አይመኑኝ።"

ሰውየው ከሳምንት በኋላ ከረጢቱን ተሸክሞ ቁይ መጥቶ እንደቀየረ አያ ታፈረ ነገሩኝ። ባለ አንካሳው በቅሎም መጣ። ወንድማማቾቹም መጡ፤ እየተጣሉ ነው የመጡት። አቶ አዱኛ ቃሉን አላጠፈም፤ ለመጣ ሁሉ ቀየረ።

የቀሩት የወንዝ ማዶዎቹ ናቸው። ከእነሱ ሰው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም፤ ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይለያቸዋል። እንጉዳይ እስከ ሰንበት ልቆይ፣ ማዶ የሚሻገር ሰው ካገኘሁም መልእክት ልላክ ብላ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን እዚያው ቁይ እንዳለች አንድ ሰው የማዶ ሰዎች በዚህ ሳምንት ይዘራሉ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኸው ወይስ ሰማኸው ብላ አልጠየቀችም ብለውኛል አያ ታፈረ። ተነሥታ ሄደች። እሳቸው እስከ ወንዙ አፋፍ ሸኝተዋታል። ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከተራራው ነው። እሳቸው ጀርባቸውን ሲያዞሩ ድምፁን ሰሙት።

ያገኟት ማክሰኞ ጠዋት የማዶ ሰዎች ናቸው። ውሃው በእነሱ በኩል ወዳለ አሸዋ ወስዶ ጥሏታል። መታወቂያዋን አይተው የማን ልጅ እንደሆነች አወቁ። ወንዙ እስኪጎድል ጠብቀው በቃሬዛ ቁይ አደረሷት፤ አያ ታፈረ ግን ገና ወንዝ ለወንዝ ሲፈልጓት ስለነበሩ አላገኟቸውም። ከዚያ በአይሱዙ እስከ አምበር፣ ከአምበር እስከ እናቴ ቤት እንደገና በትከሻ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ቀበርናት።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳን ውስጥ ሬሳዋን ተሸክመው ያመጡ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ስድስት የማዶ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። የመንደራችን ሰው እየሄደ "እግዜር ይስጣችሁ" ይላቸዋል። ንፍሮ እየታደለ ሳለ ከስድስቱ ሸምገል ያሉት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ወንድሟ ነህ?"

"አዎ አባቴ።"

"አይዞህ። እግዜር ያጥናህ። ግን ልጄ፣ ይህች ልጅ በዚያ ውሃ ወደ እኛ አገር ምን አመጣት? ዘመድ አላት?"

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ታየኛለች።

"ከቁይ የበቆሎ ዘር ገዝታችሁ ነበር?" አልኳቸው።

"ገዝተናል። ስምንታችንም።"

"እሱ ዘር አይበቅልም። አሮጌ ነው። እንዳትዘሩት ልትነግራችሁ ነበር የመጣችው።"

ስድስቱም መብላት አቆሙ። አንዱ ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

"ትናንት ነበር የወንፈላችን ቀን" አሉ ሽማግሌው። "በሬ ጠምደን፣ ከረጢቱን ተሸክመን ወደ ማሳው ስንወርድ ነው ያየናት። ሬሳ ተገኝቶ አይዘራም፤ በሬውን ፈታነው። ዘሩ ከቤት ነው ያለ።"

ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። "ነገ ጠዋት ግን ይዘራሉ! የቀሩት ሰዎች እኛን እንዳይጠብቁ፣ በማለዳ እንዲጀምሩ ተናግረን ነው የመጣነው።"

ተነሡ። ከለቅሶ ቤት ንፍሮ ጥሎ መነሣት ነውር ነው፤ የመንደሩ ሰው ቅር ብሎት አያቸው። እናቴ እንኳ "ምን በደልናቸው?" አለች። ሽማግሌው እናቴን ጉልበቷን ስመው አምስት ሆነው ወጡ። በዚያ ጭቃ ይሮጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ስድስተኛው አልተነሣም። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። እንደተቀመጠ ንፍሮውን አንድ አንድ ፍሬ ይበላል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አንተስ አትሄድም?" አልኩት።

"እኔ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ያንን ዘር ከወንፈሉ ቀደም ብዬ ነው የዘራሁ" አለኝ። "ዓርብ ጨረስኩ።"

ይቅር በላት አልኩት።

"እሷን ነው ይቅር የምል? ሬሳዋን ስንሸከም በራስጌ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ እኮ" አለ። የቀረውንም ንፍሮ ወደ እኔ አስጠጋው። "ብላ እንጂ። እነሱ ይሂዱ። እኔን ምን ያስቸኩለኛል?"